የጉልበት መለኪያ

«ነገ እገዛልሃለሁ፤ አንዱን ብቻ ምረጥ፤
ሻንጣዬ ሞልቷልና ሐሳብህን አትለዋውጥ»
አለችኝ ዘኪያ፣ ከዱባይ፣ በድምፅ መልእክት፤
ከጀርባዋ ይሰማል የገበያው ጫጫታ፣ የሰው መውጣት መግባት።
የእህቴ ልጅ ናት፤ በሳይክሌ ብረት ላይ
ቦርከናን ያሻገርኳት፣ ክረምት ከበጋ ሳልለይ።

እኔ ኮምቦልቻ፣ ሙሄ ይመር ደጃፍ፣ ጣውላ ላይ ተቀምጬ፣
የተራራ ሳይክሌን ግድግዳ አስደግፌ፣ ስልኬ ላይ አፍጥጬ።
የጉልበት መለኪያ ነው የፈለግሁት፤
ስንት ዋት እንደምገፋ የሚነግረኝ፣ ሐረጎን ስወጣት።
ሙሄ ሳቀ፦ «መለኪያ ካሻህ አረቄ ቤት አለልህ፤
ጉልበትህን ደግሞ ዳገቱ ይንገርህ።»

ግን ካቻቢቴውን አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ
ተጠጋኝ፤ ሥዕሎቹን አየ፣ አንገቱን አስግጎ።
«ፔዳሉ ውስጥ ያለው? እሱስ ይቅርብህ፤
ጦሳ ድንጋይ ነው፤ አንዱ ጠርዝ ገጭቶት
የወይፈን ዋጋ ገደል ሲገባ ታያለህ በዓይንህ።
ሞዞው ውስጥ ያለው? ደህና፣ ከድንጋይ ተሸሽጓል፤
ግን ቸርኬህ በታጠፈ ቁጥር ማን እሱን ይፈታል?
ለሱ የሚሆን ሽቦስ ከየት ይገኛል?»

ሦስተኛው ቀረ፤ ርካሹ።
(ርካሽ ማለት የሁለት ወር ደሞዜ ነው።)
ከግራው የፔዳል ክንድ ጀርባ የሚጣበቅ፣ እንደ መዥገር ትንሹ።
ግራ እግርን ብቻ ይሰማል፤ ቀኙን አያውቀውም፤
የሰማውን በሁለት አባዝቶ «ይኸው» ይላል፤ አያፍርም።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ሚዛን ነው፤
ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ሁሉ እፊቴ ቆሞ ነው የሚያልፈው።
አሥራ ስምንት ዓመት። አንዱን ጎን መዝኖ፣ በሁለት አባዝቶ
መኪና ያሳለፈ አላየሁም፤ ቢኖርም ሄዷል፣ ደብዳቤ ተሰጥቶ።
ሾፌሩ በአላህም በማርያምም ይምላል፤
ሚዛኑ አይሰማም። ጭነት ሁሉ ያጋድላል።

ደግሞም የኔ ግራ...
ፍሬን የከዳው አይሱዙ ሐረጎ ጥምዝ ላይ ያገኘኝ ዕለት
የተሰበረው እሱ ነው፤ ደሴ ሆስፒታል ብረት ያስገቡበት።
ዘጠኝ ዓመቱ። ዛሬም ዳገት ሲመጣ ዝም ይላል፤
ቀኜ ይሠራል፣ እሱ አብሮ ይዞራል፤
የደቦ ሰነፍ ነው፤ ማጭድ ይዞ፣ ዘፍኖ፣ ሳያጭድ የሚበላ፤
ማን ያየዋል? ተከልሏል በታታሪው ጥላ።

«ይሄማ ይዋሽብሃል» አለ ሙሄ፤ «ሰነፉን ብቻ ጠይቆ
ሁለቱም ሰነፍ ናቸው ይላል፤ ታታሪውንም አዋርዶ፣ ደባልቆ።
ትንሽ ጨምርና ሁለቱን የሚሰማ ይሁን፤
ወይ ተወው፤ ለልጅህ ጫማ ግዛበት ገንዘቡን።»

እውነቱን ነው።

መሸ። የፋብሪካው ፈረቃ ወጣ፤ ሰርቪሶቹ ጡሩምባ ነፉ፤
ሐረጎ ላይ የመኪና መብራቶች ወደ ደሴ ተሰለፉ።
እግሬን ዘረጋሁ። ዳበስኩት፣ ግራውን፣
በሱሪዬ ላይ እንኳ የሚታወቀውን ጠባሳውን።
ቀኜንማ አውቀዋለሁ፤ ሲደክም ያቃጥላል፣ ሲበረታ ይፎክራል፤
ይሄኛውን ግን ማን ጠይቆት ያውቃል?
ሐኪሙ ብረቱን ጠየቀ፣ ባለቤቴ ቁስሉን፤
ጉልበትን ግን ማንም አልጠየቀው ጉልበቱን።

ለዘኪያ ጻፍኩ፦ «የግራውን።»
ወዲያው ደወለች፦ «አጎቴ፣ እሱ እኮ ግማሹን ነው የሚለካው!
ቀሪውን ይገምታል፤ ባለሱቁም አልወደደው።»
«ይገምት፤ እሱ ያባዛውን እኔ አካፍላለሁ፤
አንድ ቁጥር፣ ከዚያ እግር፣ በጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ።»

ሙሄ ራሱን ነቀነቀ፤ «አብሽር እንግዲህ» አለ፤
ቁልፍ አንስቶ፣ ከሳይክሌ ሥር ተንበርክኮ፣
የግራውን ክንድ ብሎን ማላላት ጀመረ፣
ዕቃው ገና ዱባይ ሳለ።